እስክትፈርም

«እስክትፈርም ድረስ አተላውን ነው የምትሰጪያት። ከፈረመች በኋላ የፈለግሽውን አጠጫት።»

ቀማሿ ይህን የሰማችው ቅዳሜ ጠዋት፣ ፊቷን ሳሙና ተቀብታ ዓይኗን እንደጨፈነች ነው። የምትኖርባት የጓሮ ክፍል መታጠቢያና የእህቷ ወጥ ቤት የመዳፍ ስፋት ባላት አንዲት የአየር መውጫ ይገናኛሉ። በዚያች ቀዳዳ በኩል የድስት ክዳን ሲወድቅ፣ ሬዲዮ ሲለፈልፍ፣ ባልና ሚስት ሲነታረኩ ስትሰማ ከርማ አንድ ቀን ጆሮ ሰጥታው አታውቅም። የሰው ቤት የተጠጋ ሰው የሚሰማውን ሁሉ መስማት የለበትም የሚል የራሷ ሕግ ነበራት። የዛሬው ድምፅ ግን የእህቷ ባል ነው። ቡና እየገዛ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ እሷ ዋና ቀማሽ፣ እሱ ምክትሏ ስለነበር ሰው ሁሉ «ምክትሉ» ይለዋል። ሚስቱ እንኳ ስትቆጣ «ስማ ምክትሉ» ነው የምትለው፤ እሱም ይህን ስም እንደ ጠባብ ጫማ አንድም ቀን ወዶት አያውቅም።

«ኧረ ኃጢአት አይሆንብንም ወይ?» አለች እህቷ። «እኛ ጠጥተን የጨረስነውን አተላ እየደገምኩ ሳፈላላት ሦስት ሳምንቴ። ሲኒውን ይዤ ስገባ ዓይኗን ማየት አቅቶኛል እኮ።»

«ምኑ ነው ኃጢአቱ? ያን ቀን ወተቱ ሲያር ጓሮ ሆና ከእኛ ቀድማ አልጮኸችም? አንድ ጥሩ ቡና ከቀመሰች አፍንጫዬ ተመለሰ ትልና ሰኞ ወንበሯ ላይ ነው የምናገኛት። እኔስ? ዕድሜ ልኬን ምክትል ልባል? ዛሬ ጋሼ ይመጣል፣ ትፈርማለች፣ አለቀ። ለእሷም እረፍት ነው።»

ቧንቧ ተከፈተ፣ ሰሃን ተንኳኳ፣ ንግግሩም በዚሁ አበቃ። ቀማሿ ሳሙናው ዓይኗ ውስጥ ገብቶ እያቃጠላት ሳትታጠበው ቆመች። ንዴቱ ደሟን ከማፍላቱ በፊት ሌላ ነገር ቀደመው፤ ደስታ ነበር። የመታጠቢያውን ጠርዝ ይዛ «ደህና ነው፤ አፍንጫዬ ደህና ነው» አለች ለራሷ። ከዚያ ነው ንዴቱ የመጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስምንት ወር በፊት ትኩሳት ያዛትና ሲለቃት ሽታ የሚባለውን ይዞባት ሄደ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ማንኪያ ፉት ብላ ቡናው ዝናብ መቶት እንደደረቀ፣ ከረጢቱ መርከብ ላይ ከቆዳ አጠገብ እንደሰነበተ የምትናገር ሴት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቡናና የሞቀ ውኃ አንድ ሆኑባት። ለማንም አልተናገረችም። ለምክትሉ ብቻ፣ ደረጃ ላይ ጠብቃ፣ «ሁለት ሳምንት ሸፍነኝ፤ ይመለስልኛል» አለችው። ማጥፋቷን ታውቃለች። ጉንፋን እንኳ የያዘው ቀማሽ ሳይናገር ማንኪያ እንዳይነካ የሚል ትእዛዝ ግድግዳው ላይ የሰቀለችው እሷው ነበረች። ምክትሉ እሺ አላት፤ በአሥረኛው ቀን ለሥራ አስኪያጁ ተናገረ። የሕመም ፈቃድ ተሰጣት፣ ደመወዟ ተቀነሰ፣ ተከራይታ የምትኖርበትን ቤት ለቃ እህቷ ጓሮ ገባች። አሁን በጤና ምክንያት በፈቃዷ እንደምትለቅ የሚናገር አንድ ገጽ ወረቀት መሳቢያዋ ውስጥ ተቀምጧል። ዛሬ ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ ለቡና ሲመጣ ፊቱ ልትፈርም ቃል ገብታለች።

ቃል የገባችው ደግሞ በዚያ ሲኒ ምክንያት ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የወተቱን ማረር አሸተተች፤ በማግስቱ ሳሙናውን፣ ከዚያ የጎረቤቱን ጋዝ፣ ከዚያ የገዛ ትራሷን። እያንዳንዱ ሲመለስ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ እንደ ሕፃን ታለቅስ ነበር። ቡናው ግን ጠዋት ጠዋት እርጥብ ካርቶን ሆኖ ይመጣል። ሐኪሙ «አንዳንዴ ሽታ ተጣሞ ነው የሚመለሰው፤ ያ ደግሞ ላይቃና ይችላል» ብሏት ስለነበር ቡናውን ትታ አፍንጫዋን ጠረጠረች። ቀማሽ ያልሆነ ሰው ቢሆን «ይሄ ቡና ደግሞ ምን ነካው!» ብሎ ሲኒውን ይገፋው ነበር። እሷ ግን ቡና ሲበላሽ ጥፋቱን በሌላ ለማላከክ ከሚቸኩሉ ሰዎች ጋር ዕድሜዋን ስትጣላ የኖረች ናትና መጀመሪያ ራሷን መረመረች። ሁሉም ነገር በትክክል ይሸታታል፤ እንጀራዋ የሆነው አንዱ ነገር ብቻ ጠማማ ነው። እንግዲህ ምን ይደረጋል ብላ እሺ አለች።

እህቷ እንደ ሁልጊዜው ሁለት ሰዓት ላይ ሲኒውን ይዛ ገባች። ክፍሏ ከአልጋና ከአንድ ቁም ሳጥን ሌላ የሚያስቀምጥ ቦታ ስለሌላት ሲኒው የሚቀመጠው መስኮቱ ደፍ ላይ ነው። ቀማሿ ግን ዛሬ ከእህቷ እጅ ተቀበለችውና ቆማ እያየቻት ጠጣች። አሁን ሁሉንም ለይታ አወቀችው። ካርቶኑ ሁለቴ የፈላ አተላ ነው፤ ከኋላ የሚመጣው አመድ አተላው ብዙ ሲንፈቀፈቅ የሚያወጣው ነው፤ ጥርስ ላይ የሚቀረው ደግሞ የእህቷ ትንሿ የአሉሚኒየም ድስት ነች። የድስቷን ጠባሳ ሳይቀር የቀመሰች መሰላት። እስከ መጨረሻው ጠጥታ ሲኒውን መለሰችላት።

«እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬስ ጣፈጠኝ።»

እህቷ ፊቷ ቀላ። «እትዬ…» አለችና ዋጠችው። «ምክትሉ ከሰዓት ቡናውን አንቺ ብታፈዪልን ብሏል። ቢያንስ እጇ አልረሳም ነው የሚለው። ለጋሼ የሚሆን ውድ ቡና ገዝቷል።»

«በደስታ ነዋ» አለች ቀማሿ፤ ደስታውም እውነት ነበር።

እህቷ እንደወጣች ልብሷን ቀይራ ወደ ገበያው ወረደች። ቅዳሜ ስለሆነ መንገዱ በሰው ተጨናንቋል፤ አንዱ ሽንኩርት በጋሪ ይገፋል፣ አንዱ የስልክ መሸፈኛ ገመድ ላይ አንጠልጥሏል፣ አንዲት ሴትዮ የአንድ እንቁላል ዋጋ ሰምታ «በወርቅ ነው እንዴ የሚቀቀለው?» እያለች ከሻጩ ጋር ትሟገታለች። ቀማሿ በእነዚህ ሁሉ ሽታ መካከል እየሄደች እንደ ዓቃቤ ሕግ ማስረጃ ሰበሰበች። ይሄ ትኩስ ዳቦ፣ ይሄ የሰው ላብ፣ ይሄ ትናንት የሞተ ዓሣ። አንዱም አልተጣመመም። ገበያው ጫፍ ላይ ቡና እየቆላ የሚሸጠው ቡና ቆዪ ድሮ ከድርጅቱ ትርፍ ናሙና እየገዛ ሱቅ የከፈተ፣ ወሬ የሚወድ፣ ሆዱ ከመደርደሪያው የሚቀድም ሰው ነው። ስምንት ወር ስላላያት እንደ ለቅሶ ቤት አንገቱን ሰበር አድርጎ ተቀበላት።

«ኪሎው በአንድ አራተኛ ጨምሯል፤ ለአንቺ ግን ግድ የለም» አለና ከሁለት ከረጢት በመዳፉ ዘግኖ አወጣላት። እያሾፈባት እንዳይመስልበት ፈርቶ እንድታሸተው አልጠየቃትም። እሷ ግን እጁን ወደ ፊቷ ሳበችው።

«ይሄኛው የት ነበር የተቀመጠው?»

«የት ይቀመጣል? እዚሁ ነዋ።»

«ከልብስ ሳሙና አጠገብ ነበር።»

ቡና ቆዪው መማል ጀመረ። በእናቱ ማለ፣ በሱቁ ማለ፤ በልጆቹ ሊምል ሲል ድንገት አፉን በእጁ ጫነ። «የሚስቴ ወንድም መጋዘን!» አለ። «ሳሙና አከፋፋይ ነው እኮ! ሁለት ሌሊት ብቻ ነው ያሳደርኩት!» ከዚያ ነገሩ ገባውና ዓይኑ ፈጠጠ። «አንቺ ሴትዮ! አሸተትሽ?»

«ዛሬ ለማንም አትናገር» አለችው። ሳሙና ካልነካው ሃያ ግራም አስመዝና ከመደርደሪያው ኋላ በራሱ መፍጫ ፈጨችው፤ በራሱ ማንቆርቆሪያ ውኃ ጣደች። ውኃው ከፈላ በኋላ ለአንድ ደቂቃ ያህል ክዳኑን ከፍታ አሳረፈችው። ቡና የሚያጣሩበትን ወረቀት ማጥለያው ላይ ዘርግታ በሙቅ ውኃ አራሰችው፤ ያልታጠበ ወረቀት ቡናውን ወረቀት ወረቀት ያሰኘዋልና። ከዚያ ዱቄቱን ለማርጠብ ያህል ብቻ ቀዳችበትና ቆመች። ዱቄቱ ተነፋ፣ አረፋ ደፈቀ፣ ትንፋሹን አወጣ። ያን ጊዜ ሽታው ሙሉ ሆኖ መጣባት። መደርደሪያውን ተደግፋ አለቀሰች። ቡና ቆዪው ገበያተኛ እንዳያያት በሆዱ ጋረዳት። ጠጥታ ስትጨርስ ዓይኗ ደርቆ፣ ከሰዓት የምታደርገው ነገር በሙሉ ተራ በተራ ጭንቅላቷ ውስጥ ተሰልፎ ነበር።

ምሳ ላይ ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ድንች በሥጋ ነበር። ምክትሉ ዛሬ ፀጉሩን ተቆርጧል፤ ወንበሩን ከወዲሁ የወረሰ ሰው አቀማመጥ ተቀምጦ ዳቦውን እየቆረሰ ስለ አየሩ አወራ፣ ስለ ጎረቤቱ መኪና አወራ፣ ዝምታው ሲከብደው ስለ ድንቹ አወራ። እህቷ ሰሃኗ ላይ ያለውን ከወዲያ ወዲህ ትገፋለች። ድሮ እናታቸው በሕይወት ሳለች ሁለቱ እህትማማቾች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ወሬያቸው አያልቅም ነበር፤ እናትየው «አንዳችሁ እንኳ እስክትውጡ አታርፉም?» ትላቸው ነበር። አሁን ግን በሁለቱ በኩል የሹካ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ቀማሿ ሁለት ጊዜ ጭማሪ ወሰደች። ስምንት ወር የበላችው ሁሉ ገለባ ነበርና የበደሏት ሰዎች ያበሰሉት ምሳ ሳይቀር ጣፈጣት። ይህ ደግሞ የባሰ አናደዳት።

«ብዕር አለሽ አይደል እትዬ?» አለ ምክትሉ ሲነሱ፣ እንደ ዋዛ።

«አለኝ» አለችው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ወጥ ቤቱን ተረከበችና በሩን ዘጋች። ምክትሉ የገዛው ቡና የሚያብረቀርቅ ከረጢት ላይ በወርቃማ ፊደል «አንደኛ ደረጃ» የሚል አለበት። ከፍታ አሸተተችውና ፈገግ አለች። አርባ ግራም መዘነች። ፍሬውን እንደ ደረቅ አሸዋ እስኪሆን ድረስ ፈጨችው፤ ከዚያ ካለፈ ይመራል፣ ከዚያ ካነሰ ውኃው ምንም ሳይዝ ሾልኮ ያልፋል። አንገተ ቀጭኑን ማንቆርቆሪያ ይዛ ከመሃል እየጀመረች ክብ ክብ እየሠራች፣ ሳትቸኩል፣ ዓይኗ ሰዓቱ ላይ ሆኖ ቀዳች። ሰው ቤት ውስጥ ቡና የሚያበላሸው ችኮላ ነው፤ ለበቀልም ያው ነው ብላ አሰበችና በራሷ ሳቀች። ጥሩው ቡና ወርዶ ሲያልቅ አተላውን ከማጥለያው ወረቀት ላይ በማንኪያ ጠርጋ በእህቷ ትንሽ የአሉሚኒየም ድስት ውስጥ ጨመረችው፤ ውኃ ሞላችበትና እሳቱን ለቀቀችው። እስኪጠቁር ድረስ ተንፈቀፈቀ። ቀለሙ አይታማም። ውስጣቸው ጥቁር ቡናማ የሆኑትን ትላልቅ ሲኒዎች መረጠች። ሦስቱን በጥሩው፣ አራተኛውን በአተላው ሞላች።

ሥራ አስኪያጁ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ደረሰ። ሪዙ የነጣ፣ ጉልበቱ የሚያመው፣ ለሁሉም ሰው «ጋሼ» የሆነ ሽማግሌ ነው። ኮቱ ደረት ኪስ ውስጥ፣ ሌላው ሰው ብዕር በሚሰካበት ቦታ፣ የቀማሽ ማንኪያውን ይሰካል። የቅምሻ ጠረጴዛ ላይ ሲኒ ባለቤት የለውም፤ የሁሉም ማንኪያ ሁሉም ሲኒ ውስጥ ይገባል። ሽማግሌው ይህን ልማድ ቤትም ሰርግም ይዞት ስለሚሄድ፣ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ሲኒ ውስጥ ማንኪያውን ካልነከረ አይሆንለትም። ሚስቱ በዚሁ አፍራ ሰው ቤት አብራው መሄድ ትታለች። ቀማሿ ምክትሉን አጠገቡ አስቀመጠችው። ወረቀቱንም ራሷ አምጥታ የስኳር ዕቃው አጠገብ ዘረጋችው፤ ብዕሩን ከላይ አደረገችበት። ሽማግሌው ወረቀቱን አይቶ ፊቱን አዞረ።

«እኔ ይሄንን ቀን ባላይ ደስ ይለኝ ነበር፣ አፍንጫዬ» አላት። ድርጅቱ ውስጥ የሚጠራት እንዲህ ነው፤ ድሮ ስትሰማው ትስቅ ነበር።

«መጀመሪያ ቡና ጋሼ» አለች። ለእሱ ሰጠችው፣ ለእህቷ ሰጠች፣ ለምክትሉ ሰጠች፣ አራተኛውን ይዛ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

ሽማግሌው ፉት አለና ዓይኑን ጨፈነ። «እሰይ! እጅሽ ያው ነው» አለ፣ አዝኖ። ምክትሉም ሲኒውን አነሳ። ቀማሽ ሲቀምስ ፊቱ የሚያደርገውን ነገር ያስተማረችው እሷ ስለሆነች ሌላ ሰው የማያየውን አየች። ምላሱ ላንቃው ላይ ተጣበቀ፤ የአፍንጫው ቀዳዳ ጠበበ። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አወቀ፤ ቀጥሎ ከየት እንደመጣ አወቀ፤ መጨረሻ ላይ ማን እንደሰጠው ገባው። ቀና ብሎ አያት። እሷ ከሲኒዋ ጠጥታ ቀስ ብላ ዋጠችና፣ ከመዋጧ በፊት በአፍንጫዋ አየር ሳበች። ሽታ የሌለው ሰው እንዲያ አያደርግም። ምክትሉ አመድ መሰለ።

«እህሳ ምክትል፣ ምን ትላለህ?» አለ ሽማግሌው። «አሁን እንግዲህ ቃሉ ያንተ ነው።»

ሊናገር ይችል ነበር። «ይሄ አተላ ነው» ቢል ምንም አይሆንም ነበር ይሆናል። ግን አተላ ነው ካለ «ማን አተላ ሰጠህ?» ይመጣል፤ ከዚያ «ለምን?» ይመጣል፤ ከለምን በኋላ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጓሮ የተላከው ሲኒ አለ። የወንበሩ ወረቀት ክንዱ አጠገብ ነው። ሊፈረም የቀረው አንድ መስመር ነው።

«ግሩም ነው ጋሼ» አለ። «ንጹሕ። ለስላሳ። አጨራረሱ ደግሞ ጣፋጭ።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ፤ ማንኪያውን ከደረት ኪሱ መዘዘ፤ እያወራ፣ ሳያስብበት፣ የምክትሉ ሲኒ ውስጥ ነከረና ፉት አለ። ወሬው ቆመ። መሐረቡን አውጥቶ ተፋበት። አላመነም። ማንኪያውን ጠርጎ እንደገና ነከረ፤ እንደገና ተፋ።

«ንጹሕ ያልከው ይሄንን ነው?»

እህቷ ሲኒዋን በሁለት እጇ እንደያዘች ደርቃለች።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለች ቀማሿ። «አዲስ ቀማሽ ስንፈትን ከተደረደሩት መካከል አንዱን ሲኒ በመጥፎ እንሞላ የለ? ወንበሬን ለሱ ከመፈረሜ በፊት ልሞክረው ብዬ ነው። አተላ ነው የሰጠሁት።»

«አንቺስ…» ሽማግሌው ማንኪያውን ወደ እሷ ቀሰረ። «አንቺስ የራስሽን ምን ትያለሽ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቸኩል ነበር። እሷ አንድ ጊዜ ፉት ብላ ጠበቀች። «ከረጢቱ አንደኛ ደረጃ ይላል። ሲሶው ግን ያምና ነው፤ ፉት ሲሉት ጎን ጎኑን ጆንያ ጆንያ ይላል። ጥሩው ጥሩ ነው፤ ከፍ ያለ አገር የበቀለ ነው። የቀላቀለው ነጋዴ ነው ያበላሸው።»

ሽማግሌው ከራሱ ሲኒ ቀመሰ፤ ከእህቷም ሲኒ ነክሮ ቀመሰ። «እኔም አንድ ነገር ጠርጥሬ ነበር፤ ልናገር አፍሬ ነው» አለ ቀስ ብሎ። ዓይኑ እንባ አዘለ። ከዚያ ወደ ምክትሉ ሲዞር እንባውም ሐዘኑም አብሮ ደረቀ። «አላወቅኸውም ወይስ አውቀህ ዝም አልክ?»

ቀማሿ እጇን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ የእህቷን ባል ዓይን ዓይኑን አየችው። አውቄያለሁ ካለ ለምን እንደደበቀ ይጠየቃል፤ ከጠየቁትም እሷ ለመመለስ ተዘጋጅታለች፤ ያንንም አየባት። አላወቅሁም ካለ ቀማሽ አይደለም። ከሁለቱ አንዱን እስኪመርጥ ድረስ አልቸኮለችም።

«ጉንፋን…» አለ ምክትሉ። «ሰሞኑን ጉንፋን ይዞኝ… አልሸተተኝም ጋሼ።»

«ሰሞኑን? ሐሙስ ዕለት ሁለት መቶ ከረጢት ያሳለፍከው በዚሁ አፍንጫህ ነው?» ሽማግሌው ጠረጴዛውን መታው፤ ብዕሩ ተንከባሎ ወለል ላይ ወደቀ። «እሷ ለአሥር ቀን ደበቀችኝ ብለህ ቢሮዬ ድረስ የመጣኸው አንተ አይደለህም?»

«አልሸተተኝም!» በገዛ አፉ፣ ለገዛ አለቃው፣ ደህና አፍንጫ ይዞ! የቀማሿ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ሃያ ስድስት ዓመት ከቀመሰችው ሁሉ እንዲህ ያለ አልቀመሰችም፤ ብታፍርበትም አልተፋችውም። ወረቀቱን ለአራት አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ሽማግሌው ሊነሳ ጉልበቱን ይዞ ቃተተ። «አንቺ ሰኞ ወንበርሽ ላይ እንዳገኝሽ። አንተ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ቁልፍህን ለጥበቃው አስረክበህ…»

«አይባረር ጋሼ» አለች። «ምክትሌ ሆኖ ይቆይ። ሌላ ቦታም አይዛወር፤ ከጎኔ ይቀመጥ። አፍንጫው እስኪመለስ እኔ ራሴ ጠዋት ጠዋት፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ እፈትነዋለሁ። ጡረታ እስክወጣ ስምንት ዓመት አለኝ።»

ሽማግሌው ትከሻዋን ይዞ ሳማት። «አንቺስ ጻድቅ ነሽ! እኔ ብሆን አላደርገውም» አለ። በሩ ላይ ደርሶም ለእህቷ «እንዲህ ያለች እህት ስላለችሽ ፈጣሪን አመስግኚ» ብሎ ደረጃውን ጉልበቱን እየያዘ ወረደ። ምክትሉ ብቻ ነው ያልተሸወደው። ስምንቱን ዓመት ጠዋት በጠዋት እየቆጠረ እንደሆነ ከፊቱ ይታወቅ ነበር።

«ጨርሰው» አለችው ወደ ሲኒው እያመለከተች።

ሚስቱን አየ። ሚስቱ መስኮቱን ታያለች። ሲኒውን አንስቶ ቆሞ ጨለጠው፤ ከዚያ ወደ መኝታ ቤቱ ገባና በሩን ሳያጮኽ በቀስታ ዘጋው።

እህቷ ሲኒዎቹን መሰብሰብ ጀመረች። አንዱን ከአንዱ ላይ ደረበች። መጨረሻ ላይ ትታቸው መጥታ የቀማሿን ትከሻ ሳመች። ልጅ ሳሉ ጥፋት ስታጠፋ እንደምታደርገው ፊቷን እዚያው ቀበረችው።

«እግዜር ያክብርልኝ እትዬ። ቤቴን አተረፍሽልኝ። ሁሉንም ሰምተሽ ነበር ማለት ነው? በሱ ላይ እንዲህ ካደረግሽ ለእኔስ ምን አስበሻል? ንገሪኝና ይውጣልኝ።»

«ላንቺ ምንም አላሰብኩም» አለች ቀማሿ። ይህንንም እውነቷን ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ሁሉንም በሚዛን ለክታ፣ ሰዓት ይዛ ስታሰናዳ ወደ እህቷ ሲደርስ እጇ ይቆምባት ነበር። «እሱ ወንበሬን ፈልጎ ነው። የፈለገውን ስላወቅሁ የማደርገውንም አወቅሁ። አንቺ ግን ከእኔ ምንም ሳትፈልጊ ነው ሦስት ሳምንት ሙሉ አምጥተሽ ያጠጣሽኝ። ለምን እንደሆነ ልትነግሪኝ ትችያለሽ?»

እህቷ ቀና አለች። ወደ መኝታ ቤቱ በር አየች፣ ወደ ሲኒዎቹ አየች። ቀማሿ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ መልሱን ጠበቀች።